ጨረርና ቫይረስ በአንድ ዕጢ ላይ፦ የአንጎል ካንሰርን በጥምር ሕክምና የመታገል ጥረት ከምን ደረሰ?

(ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ)





የዛሬው ገለጻዬ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚያጠነጥን ነው። የካንሰር ሕዋሳትን እንዲገድል ተደርጎ የተዘጋጀ ቫይረስና የጨረር ሕክምና በአንድ የአንጎል ዕጢ ላይ ቢውሉ፣ ውጤታቸው የሁለቱ ድምር ብቻ ይሆናል ወይስ አንዱ ሌላውን ያበረታዋል? ጥያቄው የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ መልሱን የሚጠብቁት ዛሬ ባለን ሕክምና አብዛኞቹ ሁለት ዓመት እንኳ የማይቆዩ ሕሙማን ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ይገኛሉ።

አቋሜን ከመነሻው ልግለጽ። የጥምር ሕክምናው መሠረተ ሐሳብ ጠንካራ ነው፤ ምክንያቱም ቫይረሱ ለሕመምተኛው ደኅንነት ሲባል የተቀነሰበትን ኃይል ጨረሩ በዕጢው ውስጥ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ይመልስለታል። በሰው ላይ የተገኘው ማስረጃ ግን ገና ጥቂት ነው። እነዚህን ሁለት እውነቶች አንዱን በሌላው ሳንሸፍን ጎን ለጎን መያዝ እንዳለብን ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው። በአዋቂዎች ላይ ከሚከሠቱትና ከአንጎል ከራሱ ከሚነሡት አደገኛ ዕጢዎች መካከል በብዛት የሚታየው ግሊዮብላስቶማ ይባላል። ይህ ዕጢ እንደ ድንጋይ ተለይቶ የሚቀመጥ እብጠት አይደለም። ሥሩን ወደ ጤናማው የአንጎል ክፍል የሚሰድ፣ በነርቭ መንገዶች ተከትሎ የሚጓዝ ነው። አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ በ1928 ባወጣው ዘገባ፣ ዕጢው የያዘውን የቀኝ የአንጎል ንፍቀ ክበብ በሙሉ አውጥቶ እንደ ነበር ገልጿል። ከአንጎል ግማሽ ያህሉ ተወግዶም ቢሆን በሽታው ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላ የመጡት ቀዶ ሐኪሞች ትምህርቱን በሚገባ ተረድተውታል፤ ቢላዋ ብቻውን ይህን በሽታ አይጨርሰውም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የጨረር ሕክምና ይሰጣል። የተለመደው መጠን 60 ግሬይ ሲሆን፣ ይህም በ30 ቀን ተከፋፍሎ በስድስት ሳምንት ውስጥ የሚሰጥ ነው። በ2005 ሮጀር ስቱፕና ባልደረቦቹ ያሳተሙት፣ 573 ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት፣ በዚህ ጨረር ላይ ቴሞዞሎማይድ የተባለውን መድኃኒት መጨመር የሚያስገኘውን ጥቅም አሳየ። ጨረር ብቻ ከተሰጣቸው መካከል ግማሾቹ ከ12.1 ወር በላይ ሲቆዩ፣ መድኃኒቱ ከተጨመረላቸው መካከል ግማሾቹ ከ14.6 ወር በላይ ቆዩ። ሁለት ዓመት የደረሱት ደግሞ ከ10.4 በመቶ ወደ 26.5 በመቶ ከፍ አሉ። ይህ ጥናት እስከ ዛሬ ድረስ የሕክምናው መሠረት ሆኖ ይገኛል። የተገኘው የወራት ጭማሪ ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡ ዋጋ ያለው ነው፤ ፈውስ ግን አይደለም።

«ታዲያ ጨረሩ ለምን አይጨመርም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዕጢው አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ የሚመጣው ከቀድሞ ቦታው በሁለት ሴንቲ ሜትር ክልል ውስጥ፣ ማለትም ጨረሩ በሚገባ ባገኘው ቦታ ላይ ነው። ይህ የሚያስረዳን ከሕዋሳቱ አንዳንዶቹ ጨረሩን ተቋቁመው እንደሚቀሩ ነው። መጠኑን ከፍ ማድረግም ጤናማውን የአንጎል ሕብረ ሕዋስ ይጎዳል እንጂ ዕድሜን እንደማያራዝም በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። በሕፃናት የአንጎል ግንድ ውስጥ የሚነሣው ዕጢ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። መተንፈስን፣ መዋጥንና የዓይን እንቅስቃሴን የሚቆጣጠሩት ነርቮች ባሉበት ስለሚበቅል በቀዶ ሕክምና ማውጣት አይቻልም። ጨረር ለጥቂት ወራት ያስታግሰዋል፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ግን በሽታቸው ከታወቀ አንድ ዓመት ሳይሞላ ያርፋሉ።

እንግዲህ ወደ ቫይረሱ ልለፍ። ቫይረስ ካንሰርን ሊጎዳ ይችላል የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1904 ጆርጅ ዶክ የተባለ ሐኪም፣ የደም ካንሰር የነበረባት አንዲት ሴት ኢንፍሉዌንዛ በመሰለ በሽታ ከተያዘች በኋላ ካንሰሯ ለጊዜው መቀነሱን ዘግቧል። በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ የተለያዩ ቫይረሶች ባሉበት ሁኔታ፣ ማለትም ሳይዳከሙ፣ ለካንሰር ሕሙማን ተሰጥተው ነበር። የዕጢው መቀነስ ለአጭር ጊዜ ሲሆን፣ ቫይረሱ ራሱ ያስከተለው በሽታ ግን ከባድ ነበር። ችግሩ ግልጽ ነው፤ ጠላትን ለመምታት የተላከው ቤቱንም አብሮ ያቃጥል ነበር።

ነገሩ የተለወጠው የዘረ መል ምሕንድስና ሲመጣ ነው። በ1991 ሮበርት ማርቱዛና ባልደረቦቹ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ አንድ ዘረ መል የጎደለው የሄርፐስ ቫይረስ በአይጦች አንጎል ውስጥ ያለውን የሰው ግሊዮማ ማጥቃት እንደሚችል አሳዩ። ቫይረስን ሐኪሙ በሚፈልገው መንገድ ቀርጾ ለአንጎል ዕጢ ማዋል የተጀመረው ከዚህ ነው ማለት ይቻላል።

የሄርፐስ ቫይረስ ዓይነት አንድ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ለ2016 ባወጣው ግምት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑት የዓለም ሰዎች 3.7 ቢሊዮን ያህሉ ይህ ቫይረስ በሰውነታቸው ይገኛል። በአገራችን ትኩሳት ተከትሎ ከንፈር ላይ የሚወጣውን፣ ሕዝቡ «ምች» ብሎ በዳማከሴ የሚያሸውን ቁስል በአብዛኛው የሚያመጣው ይኸው ቫይረስ ነው። ምች የሚባለው ሁሉ ሄርፐስ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ሕዝቡ ቃሉን ለሌሎችም ሕመሞች ይጠቀምበታል። ቫይረሱ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ አልፎ አልፎም ወደ አንጎል ገብቶ ለሞት የሚያደርስ ብግነት ያስከትላል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ቫይረስ በፈቃዳችን በሰው አንጎል ውስጥ ልንወጋ የምንችለው እንዴት ነው?

መልሱ ሁለት ነገሮችን መንጠቅ ነው። «ጂ 207» የተባለውን ቫይረስ ምሳሌ አድርጌ ላስረዳ።

አንደኛው የተነጠቀው ነገር «ጋማ 34.5» የተባለው ዘረ መል ነው። አንድ ሕዋስ ቫይረስ እንደ ገባበት ሲያውቅ «ፒ ኬ አር» በተባለ ፕሮቲን አማካይነት የፕሮቲን ምርቱን በሙሉ ያቆማል። ሕዋሱ የራሱን ሥራ መሥዋዕት አድርጎ ቫይረሱ እንዳይባዛ ያደርጋል። ጤናማው የሄርፐስ ቫይረስ በጋማ 34.5 አማካይነት ይህን መዝጊያ መልሶ ይከፍተዋል፤ ጂ 207 ግን መክፈቻው የለውም። ስለዚህ በጤናማ የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ቢገባ ሊባዛ አይችልም። በብዙ የካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ግን ይህ መከላከያ አስቀድሞ የተዳከመ ስለሆነ ቫይረሱ ቦታ ያገኛል።

ሁለተኛው የተነጠቀው «ራይቦኑክሊዮታይድ ሪዳክቴዝ» የተባለውን ኢንዛይም ለመሥራት የሚያስፈልገው ዘረ መል ነው። ይህ ኢንዛይም ዲ ኤን ኤ የሚገነባባቸውን ጥሬ ዕቃዎች ያዘጋጃል። የጎልማሳ የነርቭ ሕዋስ ስለማይከፋፈል ይህን ኢንዛይም በብዛት አይሠራም፤ በፍጥነት የሚከፋፈለው የካንሰር ሕዋስ ግን ሞልቶት ይገኛል። ስለዚህ ቫይረሱ የሚያስፈልገውን ከካንሰሩ ሕዋስ ተበድሮ ይባዛል፤ ሕዋሱን አፍርሶ ይወጣል፤ ወደ ጎረቤቱም ይተላለፋል። ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ አሲክሎቪር የተባለው የታወቀ መድኃኒት ቫይረሱን ሊያስቆመው ይችላል። ይህም ሐኪሙ በእጁ የሚይዘው ተጨማሪ መከላከያ ነው።

ይህ ደኅንነት ግን ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ሁለት ዘረ መሎች የተነጠቀ ቫይረስ ደካማ ቫይረስ ነው። በዕጢው ውስጥ እንኳ መባዛቱ ዝግ ያለ ይሆናል፤ የሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓትም ሥራውን ሳይጨርስ ሊያጠፋው ይችላል። የመስኩ ዋና ጭንቀት ይህ ነው፤ ቫይረሱን ብናበረታው ሕመምተኛውን እንፈራለታለን፣ ብናዳክመው ዕጢው ይተርፋል። የሚፈለገው እንግዲህ በዕጢው ውስጥ ብቻ፣ ለጊዜው ብቻ፣ ቫይረሱን የሚያበረታ ነገር ነው። ጨረር ወደዚህ ታሪክ የሚገባው በዚህ በር ነው።

በ1998 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ጋማ 34.5 የጎደለውን የሄርፐስ ቫይረስ በአይጦች ላይ ከበቀለ የሰው ግሊዮማ ጋር ፈተሹት። ዕጢዎቹ ጨረር ሲሰጣቸው ቫይረሱ ካለ ጨረር ይልቅ በብዛት ተባዛ፤ ዕጢዎቹም በይበልጥ ቀነሱ። በ1999 የታተመ ሌላ ጥናትም ቫይረሱ በራስ ቅል ውስጥ ባለ ዕጢ ላይ ከጨረር ጋር ሲጣመር አይጦቹ የሚቆዩበት ጊዜ እንደሚጨምር አሳየ። ይህ የብዙዎችን ግምት የለወጠ ግኝት ነበር። ጨረር ዲ ኤን ኤን የሚሰባብር ስለሆነ ቫይረሱንም አብሮ ይጎዳል ተብሎ ሊጠበቅ ይችል ነበርና።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሦስት ነገሮችን ላንሣ።

የመጀመሪያው፣ ጨረር ያገኘው ሕዋስ የተሰበረ ዲ ኤን ኤውን ለመጠገን ይሯሯጣል። ለጥገናውም ጥሬ ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ራይቦኑክሊዮታይድ ሪዳክቴዝን ያበዛል። ከቫይረሱ የተነጠቀው ይኸው ኢንዛይም መሆኑን አስታውሱ። ሕዋሱ ራሱን ለማዳን ያዘጋጀውን ቫይረሱ ይወስድበታል። ይህን በጂ 207 ላይ ያሳየው ጥናት በ2002 የታተመ ሲሆን፣ የተሠራው በአንጀት ካንሰር ሕዋሳት ላይ እንደ ነበር መጥቀስ ይገባል።

ሁለተኛው፣ በዲ ኤን ኤ ጉዳት ጊዜ ሕዋሱ «ጋድ 34» የተባለ ፕሮቲን ይሠራል። የዚህ ፕሮቲን አንዱ ክፍል ከቫይረሱ ጋማ 34.5 ጋር የሚመሳሰል ሲሆን፣ የተዘጋውን የፕሮቲን ምርት መልሶ የመክፈት ተመሳሳይ ሥራ አለው። ጨረር በተጨማሪ «ፒ 38» የተባለውን የሕዋስ የመልእክት መንገድ በማንቃት የቫይረሱ ዘግይተው የሚሠሩ ዘረ መሎች እንዲበረቱ እንደሚያደርግ በ2005 ተዘግቧል። በአጭሩ ቫይረሱ ያጣውን መክፈቻ ጨረር ያገኘው ሕዋስ በከፊል ይተካለታል።

ሦስተኛው የበሽታ መከላከያ ሥርዓትን ይመለከታል። ግሊዮብላስቶማ ቲ ሴሎች ጥቂት ሆነው የሚገኙበት፣ ከሰውነት ጠባቂዎች ራሱን የሚደብቅ ዕጢ ነው። በቫይረስም ሆነ በጨረር የሚሞት ሕዋስ በውስጡ የነበሩትን ፕሮቲኖችና የአደጋ ምልክቶች ይበትናል። ይህም የመከላከያ ሕዋሳትን ወደ ዕጢው ይጠራል። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የቫይረሱ ዋና ጥቅም በቀጥታ ከሚገድላቸው ሕዋሳት ይልቅ ይህ ጥሪ ነው ብለው ያምናሉ።

እዚህ ላይ ከተማሪዎች ሊነሣ የሚችል አንድ ጥያቄ አለ። ሕዝባችን ምችን ከፀሐይ ጋር ያያይዘዋል፤ ታዲያ ይህ ከዚያ ጋር ይገናኛልን? የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በነርቭ የተደበቀውን የሄርፐስ ቫይረስ ሊቀሰቅሰው እንደሚችል በሳይንስም የታወቀ ነው። ነገር ግን ሁለቱን አናምታታ። አልትራቫዮሌት በካንሰር ሕክምና የምንጠቀምበት ዓይነት ጨረር አይደለም፤ የተደበቀ ቫይረስን መቀስቀስና በዕጢ ውስጥ የተወጋን ቫይረስ ማበረታታትም የተለያዩ ሂደቶች ናቸው። የሚያመሳስላቸው አንድ ጠቅላላ ሐሳብ ነው፤ ሕዋስ በሚጎዳበት ጊዜ የሚወስደው እርምጃ ለቫይረስ መልካም አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

አሁን በሰው ላይ ወደ ተደረጉት ሙከራዎች ልምጣ። ጂ 207 በሰው አንጎል ውስጥ መወጋቱ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ የፈተሸው የመጀመሪያ ጥናት በ2000 ታትሟል፤ 21 ሕሙማን ተካፍለውበታል። የተፈራው የአንጎል ብግነት አልታየም። ቀጥሎ በ2014 የጄምስ ማርከርት ቡድን ከአላባማ፣ ዕጢያቸው ተመልሶ በመጣባቸው 9 ሕሙማን ላይ ቫይረሱን ወግቶ በማግስቱ 5 ግሬይ ጨረር በአንድ ጊዜ ብቻ ሰጠ። ከዘጠኙ በስድስቱ ዕጢው ቢያንስ በአንድ የክትትል ወቅት ባለበት ቆሞ ወይም ቀንሶ ታየ። ከውጉ በኋላ ግማሾቹ ከ7.5 ወር በላይ ቆዩ።

መጠኑን ልብ በሉ። 5 ግሬይ ከተለመደው 60 ግሬይ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ብቻውን ዕጢውን ያጠፋል ተብሎ አይጠበቅም። የተሰጠው ቫይረሱን ለማበረታታት ነው። ከዚህ በፊት ሙሉውን ጨረር ወስዶ ለጨረሰ አንጎልም ይህ መጠን ሊሸከመው የሚችል ነው።

በ2021 የግሪጎሪ ፍሪድማን ቡድን፣ እንዲሁ ከአላባማ፣ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 18 ዓመት በሆኑ 12 ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ያደረገውን ሙከራ ውጤት አቀረበ። ሁሉም ዕጢያቸው ተመልሶ የመጣባቸው ወይም እያደገ የሄደባቸው ነበሩ። ቫይረሱ እስከ አራት በሚደርሱ ቀጫጭን ቱቦዎች አማካይነት በስድስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወደ ዕጢው ገባ። ከፊሎቹ በ24 ሰዓት ውስጥ 5 ግሬይ ጨረር ተጨመረላቸው፤ ከፊሎቹ አልተጨመረላቸውም። በቫይረሱ ምክንያት የመጣ ከባድ ጉዳት አልተመዘገበም። ከ12ቱ በ11ዱ በምስል፣ በሕብረ ሕዋስ ምርመራ ወይም በሕመም ምልክት የታየ ምላሽ ተገኘ። ግማሾቹ ከ12.2 ወር በላይ ቆዩ፤ እንደዚህ ላሉ ሕሙማን ቀደም ሲል ከታወቀው 5.6 ወር ጋር ሲነጻጸር ተስፋ የሚሰጥ ነው። ከወራት በኋላ ከዕጢዎቹ በተወሰደ ናሙና ውስጥም የቲ ሴሎች ቁጥር በግልጽ ጨምሮ ተገኝቷል።

በሌላ ቫይረስ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ልጨምር። በስፔን በፓምፕሎና ከተማ የሚገኙ ሐኪሞች በ2022 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንጎል ግንድ ዕጢ የተያዙ 12 ሕፃናትና ወጣቶች «ዲ ኤን ኤክስ 2401» የተባለ አዴኖቫይረስ አንድ ጊዜ ተሰጣቸው፤ ከእነርሱም 11ዱ ከዚያ በኋላ የተለመደውን የጨረር ሕክምና ወሰዱ። በዘጠኙ የዕጢው መጠን ቀነሰ፤ ግማሾቹም ከ17.8 ወር በላይ ቆዩ። በሁለት ሕሙማን ላይ ከባድ የእጅና የእግር ድክመት መከሠቱንም መናገር ግዴታ ነው። የሚደረገው ነገር ሁሉ ጠባብና አደገኛ በሆነ ቦታ ላይ ነውና።

ክቡራንና ክቡራት፣ እነዚህን ቁጥሮች የሰማ ሰው ልቡ ቢሞላ አልፈርድበትም። ነገር ግን ዋናው የሳይንስ ሥራ ከዚህ ይጀምራል። ከላይ የጠቀስኳቸው በሰው ላይ የተደረጉ የቫይረስ ጥናቶች በሙሉ ጥቂት ሰዎችን የያዙ ናቸው። በአንዳቸውም ሕሙማኑ በዕጣ ተከፍለው ሕክምናውን ካላገኙ ጋር አልተነጻጸሩም። የአላባማው የሕፃናት ጥናት 12 ሰዎችን በአራት ምድብ ያስተናገደ ነው፤ ይህም በአማካይ ለአንድ ምድብ ሦስት ሰው ማለት ነው። ከሦስት ሰዎች ተነሥቶ «ጨረሩ ጠቅሟል» ወይም «አልጠቀመም» ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ ጥናቱም የተነደፈው ደኅንነትን ለመፈተሽ እንጂ ይህን ለመወሰን አይደለም። ከቀድሞ ሕሙማን ጋር ማነጻጸርም ያሳስታል፤ ወደ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚገቡት ብዙውን ጊዜ ጉዞውንና ቀዶ ሕክምናውን ለመቻል ጉልበት የቀራቸው ናቸው።

ጥንቃቄው ከንቱ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። «ቶካ 511» የተባለ፣ ከመድኃኒት ጋር የሚሰጥ ሬትሮቫይረስ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ተስፋ አሳይቶ ነበር። በ403 ሕሙማን ላይ በዕጣ ተከፍሎ በተደረገው ትልቅ ጥናት ግን፣ ውጤቱ በ2020 እንደ ታተመው፣ ቫይረሱ ከተሰጣቸው መካከል ግማሾቹ ከ11.1 ወር በላይ ሲቆዩ፣ የተለመደው ሕክምና ከተሰጣቸው መካከል ግማሾቹ ከ12.2 ወር በላይ ቆይተዋል። ጥቅሙ አልተገኘም። ይህ ስለ ሌሎቹ ቫይረሶች የሚሰጥ ፍርድ አይደለም፤ ቫይረሱም አካሄዱም የተለየ ነው። ነገር ግን የትንሽ ጥናት ተስፋ በትልቅ ጥናት ፊት ሊቀልጥ እንደሚችል ያስተምረናል። በሌላ በኩል ጃፓን በ2021 የቶሞኪ ቶዶ ቡድን የሠራውን «ጂ 47 ዴልታ» የተባለ የሄርፐስ ቫይረስ በቅድመ ሁኔታና በጊዜ ገደብ ፈቅዳለች። የፈቃዱ መሠረት የሆነው ጥናት 19 ሕሙማንን የያዘ ነበር። መንግሥታት እንኳ በተስፋና በማስረጃ መካከል ሚዛን ለመያዝ እንደሚቸገሩ ከዚህ እንረዳለን።

ለተመራማሪዎች ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚከብደው የጊዜ ጥያቄ ነው። ጨረር ቫይረሱን ያበረታል ብያለሁ፤ ጨረር ነጭ የደም ሕዋሳትንም ይገድላል። ሙሉው የስድስት ሳምንት ጨረር ከቴሞዞሎማይድ ጋር ሲሰጥ በብዙ ሕሙማን ላይ የቲ ሴሎችን ቁጥር ለወራት ዝቅ ያደርጋል። የአንጎልን እብጠት ለመቀነስ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም የመከላከያ ሥርዓቱን ያፍናል። ቫይረሱ ሊጠራቸው የፈለጋቸውን ጠባቂዎች እኛው አስቀድመን አሰናብተናቸው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የመከላከያ ሥርዓቱ ፈጥኖ ከደረሰ ቫይረሱን ሳይባዛ ያጠፋዋል።

ስለዚህ «ጨረርና ቫይረስ» የሚለው ሐረግ አንድ ሕክምና አይደለም። በአላባማ ቫይረሱ ቀድሞ ጥቂት ጨረር በአንድ ቀን ውስጥ ይከተላል፤ ዓላማው መባዛቱን ማበረታታት ነው። በፓምፕሎና ቫይረሱ ቀድሞ ሙሉው የጨረር ሕክምና ይከተላል። በ2021 የታተመ የቺካጎ ጥናት ደግሞ አዴኖቫይረስ የተሸከሙ የነርቭ ግንደ ሕዋሳትን፣ በሽታቸው አዲስ በተገኘባቸው 12 ሕሙማን ላይ፣ ከጨረርና ከመድኃኒቱ በፊት ሰጥቷል። ቅደም ተከተሉ፣ መጠኑና በመካከሉ ያለው ጊዜ በተለወጠ ቁጥር ሥነ ሕይወቱም ይለወጣል። እነዚህን በአንድ ስም ጠቅልሎ «ጥምሩ ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ማለት ስሕተት ነው።

ሌላም የመለኪያ ችግር አለ። ቫይረሱ በዕጢው ውስጥ ብግነት ሲያስነሣ በኤም አር አይ ምስል ላይ ዕጢው ያደገ ይመስላል። ጨረርም ለብቻው ይህንኑ የሐሰት እድገት ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱ ሲደመሩ ምስሉን ብቻ አይቶ ሕክምናው ከሽፏል ወይም ተሳክቷል ብሎ መወሰን ያዳግታል። ከሕብረ ሕዋስ የሚወሰድ ናሙናና የዕድሜ ቆይታ እስከ ዛሬ ድረስ ይበልጥ አስተማማኝ ምስክሮች ሆነው ይገኛሉ።

ታዲያ ምን ያስፈልጋል? በእኔ አስተያየት ቢያንስ ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ሕሙማኑ በዕጣ ተከፍለው ቫይረስ ብቻ፣ ጨረር ብቻ፣ እንዲሁም ሁለቱ በአንድነት የሚነጻጸሩበት ጥናት፤ ከዚህ ውጭ የዛሬው ጥያቄዬ መልስ አያገኝም። ሁለተኛ፣ ከሕክምናው በፊትና በኋላ ናሙና ወስዶ ቫይረሱ በእርግጥ መባዛቱን፣ ጨረሩም እንዳበረታው ማረጋገጥ፤ በአይጥ ላይ የታየው ሁሉ በሰው ላይ ይደገማል ማለት አይደለምና። ሦስተኛ፣ በሽታው ብርቅ ስለሆነ የብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ተባብረው ሕሙማንን በአንድ ጥናት ማካተታቸው።

ይህ ሁሉ እኛን እንዴት ይመለከተናል? በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማእከል የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እንደ ነበር፣ ተራ መጠበቅም ለሕሙማን ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ የገለጽኩት ሕክምና ከተወጋ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ጨረር የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ ጥምሩ ነገ ተፈቅዶ ቢመጣ እንኳ የሚጠቅመው ቀዶ ሕክምናው፣ የሕብረ ሕዋስ ምርመራው፣ የምስል ምርመራውና የጨረር ክፍሉ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በተቀጠረው ሰዓት ለሚሠሩለት ሕመምተኛ ብቻ ነው። እነዚህን መገንባት ከአዲሱ ሕክምና የሚያዘናጋ ሥራ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ ይኸው ነው። ተማሪዎችም ቫይረሶችን፣ የጨረር ሥነ ሕይወትንና ስታቲስቲክስን እንደ ተለያዩ ክፍለ ትምህርቶች ብቻ እንዳትመለከቷቸው አደራ እላለሁ። በዚህ ርእስ ላይ ከሦስቱ አንዱን የማያውቅ ሰው ሌሎቹን ሁለቱን በትክክል ሊያነብ አይችልም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልናገር። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ሐኪሞች ትሆናላችሁ። አንድ ቀን የልጁን ምስል በእጁ የያዘ አባት «ውጭ አገር ካንሰርን የሚበላ ቫይረስ ተገኝቷል ይባላል፤ ቤቴን ሸጬ ልውሰደው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። «የለም፣ ወሬ ነው» ብትሉት እውነት አትነግሩትም። «አዎ፣ መድኃኒቱ ተገኝቷል» ብትሉትም እንዲሁ። ልትነግሩት የሚገባው ሐሳቡ ከጥሩ ሳይንስ የመነጨ መሆኑን፣ የተሞከረባቸው ልጆች በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸውን፣ አንዳንዶቹ ከተጠበቀው በላይ መቆየታቸውን፣ ድነዋል ለማለት ግን ገና መሆኑን ነው። ሕጋዊ የሆነ የሙከራ ጥናትም ቤት ሽጦ የሚገዛ ሸቀጥ እንዳልሆነ፣ የሙከራ ሕክምናን በገንዘብ አቀርባለሁ ከሚል ማንኛውም ሰው እንዲጠነቀቅ ንገሩት። ከዚያም አጠገቡ ሆናችሁ ዛሬ በእጃችን ያለውን፣ ሕመምን የማስታገሱን ሥራ ጭምር፣ በሚገባ ሥሩለት። ትክክለኛ ቁጥር በርኅራኄ የተነገረ እንደሆነ ሰው ያልሰማውን ተስፋ ከመስማት ይልቅ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።